የአሞራ ፈረሰኛ

ይህን ርእስ ያየ የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጄ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የታሪክ ተማሪ ስለ አሞራ ጡንቻ እንዲጽፍ ማን ፈቀደለት?» ብሎ እንደሚሆን ዐውቃለሁ። እኔም ፈቃድ አልጠየቅሁም። ነገሩ የተጀመረው በቤተ ሙከራ ሳይሆን ይፋግ፥ በእናቴ ማድ ቤት፥ በፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ሲበለት ነው። ያለቀው ግን በመርዝ ነው፤ ወደዚያ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።

ይፋግን ለማያውቅ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወረታን ዐልፎ፥ አዲስ ዘመን ከመድረስ በፊት የምትገኝ አሮጌ የገበያ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ደጋው እየተነሣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ተራራ ይወጣል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን የጉና ራስ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ይህን የምናገረው አገሬን ለማሞገስ ብቻ አይደለም፤ (ጥቂት ለማሞገስም ነው)። ሜዳና ገደል እንዲህ ተጠጋግተው በቆሙበት አገር ብዙ ዓይነት ሥጋ በል ወፍ በአንድ ሰማይ ላይ ስለሚታይ፥ አንዱን ከሌላው ለማነጻጸር ይመቻልና ነው።

ለዕረፍት ወደ አገሬ በሄድሁ ቁጥር ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ላይ መቀመጥ ልማዴ ነው። ጧት አንድ ሰዓት ላይ ጭልፊት ብቻ ትታያለች። በሥጋ ቤቱ ጓሮ ላይ ክንፏን እያማታች፥ ጅራቷን እንደ መቅዘፊያ ወዲያና ወዲህ እያዞረች ትዞራለች፤ የወደቀ ነገር ስታይ ሳታርፍ ላፍ አድርጋ ትሄዳለች። ጆፌ አሞራ ግን በዚያ ሰዓት ገና ገደሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። አራት ሰዓት ሲቃረብ መሬቱ ይግላል፤ የጋለው አየርም ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ ጆፌዎቹ አንድ በአንድ ከአፋፉ ይለቃሉ፥ ይዞራሉ፥ ከፍ ይላሉ፥ ጥቁር ነጥብ ያህላሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቢጠብቋቸው አንድ ጊዜ እንኳ ክንፋቸውን ሲያማቱ ማየት አስቸጋሪ ነው።

ልጅ ሳለሁ አጎቴን «ጋሼ፥ አሞራው ለምን እንደ ጭልፊት ክንፉን አይመታም?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «አሞራ ጌታ ነው ልጄ፤ ጌታ አይሯሯጥም» አሉኝ። ለብዙ ዓመት ይህ መልስ በቅቶኝ ኖረ። እናቴ ዶሮዋን የበለተች ዕለት ግን አልበቃኝም።

ፈረሰኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለአባወራ ወይም ለክብር እንግዳ የሚወጣው የደረት ብልት ነው። በመካከሉ እንደ ኮርቻ ጉብታ ቀጥ ብሎ የቆመ አጥንት አለ። ወፍ የሚበርበት ጡንቻ የተተከለው በዚህ አጥንት ግራና ቀኝ ነው። ሰጎን ይህ የቆመ አጥንት የላትም፤ አትበርምና አያስፈልጋትም። ቢላዋ ይዞ ፈረሰኛውን ቀስ ብሎ ለሚገልጥ ሰው ሥጋው አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ይታያል። ከላይ ትልቁ አለ፤ ከሥሩ፥ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ፥ ጣት የምታህል ሞላላ ሥጋ ተኝታለች። ትልቁ ክንፍን ወደ ታች የሚስብ ነው። ትንሿ ደግሞ ክንፍን ወደ ላይ የምታነሣ ናት።

እዚህ ላይ የቆመ አንባቢ «እንዴት?» ሊለኝ ይገባል። ሁለቱም ጡንቻዎች ያሉት ከክንፉ በታች፥ በደረት ላይ ነው። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ታዲያ ከታች የተቀመጠ ጡንቻ ክንፍን እንዴት ወደ ላይ ያነሣል? የፈጣሪ ብልኀት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የትንሿ ጡንቻ ጅማት ወደ ትከሻ ይወጣል፤ በዚያ ሦስት አጥንቶች ተገናኝተው በሠሩት ቀዳዳ ውስጥ ይሾልካል፤ ተመልሶም በክንፉ አጥንት ላይኛው ፊት ላይ ይታሰራል። የጉድጓድ ውኃ የሚቀዳ ሰው ገመዱን ወደ ታች ሲስብ በመዘውሩ በኩል ባልዲው ወደ ላይ እንደሚወጣ ያለ ነው። ይህን በቃሌ አትመኑ። በሚቀጥለው በዓል ዶሮ ሲታረድ፥ ከመበለቱ በፊት፥ የትንሿን ሥጋ ጅማት ፈልጋችሁ ሳቡት፤ የሞተችው ዶሮ ክንፏን ታነሣለች። እኔ ይህን ሳደርግ የቤት ሠራተኛችን አማትባ ከማድ ቤቱ ወጣች፥ እናቴም ቢላዋዋን ቀማችኝ።

በ1936 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) አንድ የጀርመን ተመራማሪ የዚችን ትንሽ ጡንቻ ጅማት በእርግብና በቁራ ላይ ቈርጦ ለቀቃቸው። ወፎቹ ከከፍታ ሲለቀቁ በረሩ፤ ከሜዳ ላይ መነሣት ግን አቃታቸው። ይህም ማለት አንድ ወፍ አንድ ጊዜ ፍጥነት ካገኘ በኋላ ክንፉን ወደ ላይ ለማንሣት አየሩ ራሱ ያግዘዋል፤ ትንሿ ጡንቻ ግድ የምትሆነው በመነሻ ሰዓትና በዝግታ በሚበርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የትንሿን መጠን ከትልቁ ጋር ብናመዛዝን የወፏን ጠባይ ማወቅ እንችላለን። በአሜሪካ የምትገኘውና አየር ላይ ቆማ አበባ የምትመጠው አውራ ጣት የምታህል ሀሚንግበርድ፥ ትንሿ ጡንቻዋ የትልቁን ግማሽ ያህላል። ከግቢያችን በድንገት ቀጥ ብላ የምትነሣው እርግብ ከአምስት አንድ ያህል አላት። በሚንሳፈፉ ትልልቅ ሥጋ በል ወፎች ዘንድ ግን ከዚህም እጅግ ያነሰች ናት። ጆፌ አሞራ ከሜዳ ሲነሣ እየተንደረደረ፥ እየዘለለ፥ እየተንገዳገደ የሚነሣው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ቀለሙ ልለፍ። ቁሌት ውስጥ ከገባ በኋላ ሁሉም ቀይ ስለሚሆን አይታወቅም እንጂ፥ የዶሮ ፈረሰኛ ነጣ ያለ፥ የእግሯ ሥጋ ደግሞ ጠቆር ያለ ነው። ዶሮ ቀኑን ሙሉ ትጭራለች፥ ትራመዳለች፤ ክንፏን የምትጠቀመው ግን ውሻ ሲያባርራት አጥር ለመዝለል ብቻ ነው። ነጩ ሥጋ ለአንድ አፍታ ብርቱ ሆኖ ወዲያው የሚደክም ነው፤ ያከማቸውን ስኳር ያለ ኦክሲጅን አቃጥሎ ይጨርሳል። ቀዩ ሥጋ ኦክሲጅን የሚይዝ ቀለምና ብዙ የደም ሥር ስላለው ስብ እያቃጠለ ለረጅም ሰዓት ይሠራል። የሥጋ በል ወፎች ደረት እንደ ዶሮዋ እግር ቀይ ነው። ነገር ግን ቀዩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ልዩነቱን ለማየት የወፎቹን ስም መለየት ያስፈልገናል።

እኛ በዘልማድ ሁሉንም «አሞራ» እንላለን። ኦሪት ዘሌዋውያንን ወደ አማርኛ የመለሱት አባቶች ግን ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ፤ በምዕራፍ 11 ላይ ንስር፥ ገዴ፥ ጭልፊት፥ ጭላት፥ ሲላ እያሉ በየወገኑ ለይተው አስቀምጠዋል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ሲላ የምለው ክንፈ ሹሉን፥ ሌላ ወፍ አየር ላይ የሚይዘውን ነው፤ ጆፌ የምለው አንገተ ራቁቱን ትልቅ ጥንብ በል ነው፤ ጭልፊት የምላት ደግሞ የሥጋ ቤቷን ወዳጅ ነው።

የብዙ በራሪ ወፎች የደረት ጡንቻ ከመላው ክብደታቸው ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ ያህል ይሆናል። ከሥጋ በል ወፎች መካከል ሌላ ወፍ አሳደው የሚይዙት፥ ማለት ሲላዎችና በዛፍ መካከል የሚያደቡት ክንፈ አጭር ጭላቶች፥ ለሰውነታቸው ከሚንሳፈፉት ይልቅ ብዙ የበረራ ሥጋ ይሸከማሉ። የሲላ ክንፍ ጠባብና ሹል ነው፤ ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው። በትንሽ ክንፍ አየር ላይ ለመቆየት ቶሎ ቶሎ መምታት ግድ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ለመምታትም ብዙ ሥጋ ያስፈልጋል። ከሲላዎች አንዱ ከላይ ወደ ታች ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህ ፍጥነት የጡንቻው ኃይል ይመስለዋል፤ አይደለም፥ ፍጥነቱን የሰጠው የራሱ ክብደት ነው። ጡንቻው የሚፈተነው በመጨረሻው ቅጽበት ነው፤ የተጠቀለለውን ክንፍ ከፍቶ ከውድቀቱ ሲመለስ ከገዛ ክብደቱ ብዙ እጥፍ የሆነ ጫና በደረቱ ላይ ይወርዳል። ጭላት ደግሞ ሩቅ አይሮጥም። ከቅጠል ውስጥ ፈንድቶ ይወጣል፥ በአጭሩና በክቡ ክንፉ በቅርንጫፎች መካከል ይታጠፋል፥ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያገኛል ወይም ይተዋል።

ጭልፊት ከሁለቱም ልዩ ናት። ክብደቷ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ የክንፏ ስፋት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ይቃረባል። የቀለለ ሰውነት በሰፊ ክንፍ ላይ ስለ ተቀመጠ፥ ያለ ፀሐይም በጧት በረድ መብረር ትችላለች፤ ጥቂት ታማታለች፥ ጥቂት ትንሳፈፋለች፥ የቀረውን ሥራ ባላ የመሰለው ጅራቷ ይሠራዋል። ስለዚህ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሥጋ ቤቱ ጓሮ የምትገኘው ቀድማ ስለ ነቃች አይደለም፤ የጋለ አየር የማትጠብቅ ስለ ሆነች ነው።

አሁን ወደ ጆፌው እንምጣ፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እርሱ ነውና። ጆፌ ስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ኪሎ ይመዝናል፤ ክንፉ ከሁለት ሜትር ከሩብ ይበልጣል። «ክንፉን ካልመታ ጡንቻው ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እስቲ አንባቢዬ፥ ሁለት እጅህን ወደ ጎን ዘርግተህ ሳታንቀሳቅስ ዐሥር ደቂቃ ቁም። ምንም አልሠራህም፤ ግን ትከሻህ ይነድዳል። የጆፌ ሙሉ ክብደት የተንጠለጠለው በተዘረጉት ሁለት ክንፎቹ ላይ ነው፤ አየሩ ክንፎቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል፥ የደረቱ ጡንቻ ደግሞ ወደ ታች ይዞ ማቆየት አለበት። ሳያንቀሳቅሱ መያዝም ሥራ ነው። የጉግስ ፈረሰኛና ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆም ደብተራ ሁለቱም ብርቱዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ እስኪነጋ አይዘልቅም። በደብተራው ጉልበት ውስጥ ያለው ትዕግሥት በጆፌው ደረት ውስጥም አለ።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ1986 ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ የሚገኘውን ራሰ ቀይ ጥንብ አንሳ ደረት በአጉሊ መነጽር መርምረው፥ ትልቁ የደረት ጡንቻ ሁለት ሽፋን እንዳለውና በውስጠኛው ሽፋን ውስጥ በዝግታ የሚኮማተሩ፥ በጥቂት ወጪ ለረጅም ጊዜ ጸንተው የሚቆዩ ክሮች እንዳሉ ጽፈዋል። ከላይ ያለው ለማማታት፥ ከሥር ያለው ለመያዝ ነው ማለት ነው። በ2024 ደግሞ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከዚህ የሚበልጥ ድንቅ ነገር አስረዳ። በሚንሳፈፉ ወፎች ትልቁና ትንሿ ጡንቻ መካከል ከሳንባ የሚወጣ የአየር ከረጢት ይገባል፤ በሚያማቱት ወፎች ግን የለም። ከረጢቱ ሲነፋ ትልቁን ጡንቻ ከአጥንቱ ራቅ ያደርገዋል፤ ራቅ ያለ ጅማት ደግሞ፥ እጀታው የረዘመ መፈልቀቂያ እንደሚያነሣ ሁሉ፥ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይይዛል። ይህ ከረጢት በልዩ ልዩ የወፍ ነገዶች ቢያንስ ሰባት ጊዜ ለየብቻው መገኘቱን አጥኚዎቹ ይናገራሉ። ትንፋሽ ለመተንፈስ ብቻ ሳይሆን ክንፍ ለመደገፍም ይሆናል ብሎ ማን ገመተ?

የወጪውን ነገር ካነሣን፤ በ2014 የወጣ ጥናት በጆፌ ዘመዶች ላይ የልብ ትርታ መቍጠሪያ አስሮ ነበር። በመነሻ ሰዓት ልባቸው በዕረፍት ከሚመታው ሦስት እጥፍ ያህል መታ፤ ከተነሡ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ግን፥ ሰማይ ላይ እየተንሳፈፉ ሳሉ፥ ቁጭ ብለው ከሚመታው ብዙም አልራቀም። በደቡብ አሜሪካ ኮንዶር የሚባለው ታላቅ አሞራ ደግሞ አንድ ጊዜም ሳያማታ አምስት ሰዓት በርሮ 170 ኪሎ ሜትር ያህል መሄዱ በ2020 ተጽፏል። አጎቴ «ጌታ አይሯሯጥም» ያሉት እንግዲህ ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር።

የታሪክ ተማሪ መሆኔን ለማስታወስ ያህል ስለ ጄምስ ብሩስ ላንሣ። ይህ የስኮትላንድ ሰው በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ ሊማሊሞን ወጣ። አገልጋዮቹ ከአቀበቱ ላይ ደክመው ተቀምጠው የፍየል ሥጋ ሲቀቅሉ፥ አንድ ታላቅ ወፍ በመሬት ላይ ዝቅ ብሎ በዝግታ እየተንሳፈፈ መጣና እግሩን በሚፈላው ድስት ውስጥ አገባ። ሙቀቱ ሲያቃጥለው ተወው፤ ከገበታው ላይ ግን አንድ ታፋና አንድ ወርች በሁለት እግሩ ይዞ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ በጥይት ገደለው። ዛሬ አጥንት ሰባሪው፥ ጢም ያለው አሞራ መሆኑን ሊቃውንት ይስማማሉ። ብሩስ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ስምንት ጫማ ከአራት ኢንች ለካው፤ ይህም ሁለት ሜትር ተኩል ስለሚሆን ዛሬ ከምናውቀው ጋር ይስማማል። ክብደቱን ግን 22 ፓውንድ አለ፤ ዐሥር ኪሎ መሆኑ ነው። የዚህ ወፍ ክብደት ከአራት ተኩል እስከ ሰባት ኪሎ ያህል ስለ ሆነ፥ ወይ ሚዛኑ ወይ ብሩስ አጋንኗል። ለእኛ የሚጠቅመን ግን አመጣጡ ነው፤ አልተወረወረም፥ አላማታም፥ ሰዎች መካከል ቀስ ብሎ ገባ። ሰፊ ክንፍ ያለው ቀለል ያለ ወፍ ብቻ እንዲህ ዝግ ብሎ ሳይወድቅ መሄድ ይችላል። ሰውን ያስደነገጠው የወፉ ድፍረት ነው ይባላል፤ እኔ ግን ዝግታው ይመስለኛል።

ከብሩስ ስድሳ ዓመት ያህል በኋላ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ወደ ጎንደር መጥቶ ብዙ ወፍ ሰብስቦ ሄደ። በደጋችን በየስልክ እንጨቱ ላይ የሚቀመጠውን ደረተ ነጭ፥ ጅራተ ቀይ ጭላት «አውጉር» ብሎ በ1836 የሰየመው እርሱ ነው። ቃሉ በላቲን ከወፍ አበራረር ገድ የሚናገር ጠንቋይ ማለት ነው፤ እኛም ከወፎቹ አንዱን ገዴ ማለታችን ያስገርማል። የእኛ ጆፌ ደግሞ በሩፔል ስም ይጠራል። በኅዳር 1973 ከዚህ ወገን አንዱ በአይቮሪ ኮስት፥ ከአቢጃን በላይ፥ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከዚህ በላይ የበረረ ወፍ እስከ ዛሬ አልተመዘገበም። በዚያ ከፍታ ሰው ጥቂት ደቂቃ እንኳ ራሱን ዐውቆ አይቆይም። የዚህ አሞራ ደም ግን ኦክሲጅንን አጥብቆ የሚይዝ ሄሞግሎቢን አለው፤ ያውም በአራት ዓይነት። በጉና ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለ ሆነ፥ ክንፉን እያማታ ለሚሄድ ወፍ አቀበት ነው፤ ለሚንሳፈፈው ግን ገደሉን የሚመታው ነፋስ መሰላሉ ነው።

እንግዲህ ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ነገር እመለሳለሁ።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት በሄድሁ ጊዜ ከይፋግ በላይ ካሉት መንደሮች በአንዱ ጅብ ጥጃ ገደለ። ባለቤቱ ተናድዶ፥ ጅቡ ለማታ እንደሚመለስ ዐውቆ፥ ለእህል ተባይ የሚሸጥ መድኃኒት በተረፈው ሥጋ ላይ ነሰነሰ። እኔ ሰውየውን አልረግመውም፤ ጥጃው ለእርሱ የዓመት ተስፋ ነበር። በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ስንደርስ ዐሥራ አንድ ጆፌ፥ ሁለት ጭልፊትና አንድ ውሻ ወድቀው አገኘን። ጅቡ አልነበረም። አንዱ ጆፌ ገና አልሞተም ነበር። ጉረሮው በሥጋ ተወጥሮ፥ ክንፉን ዘርግቶ፥ በቁልቁለቱ ላይ እየዘለለ ለመነሣት ይታገል ነበር። ጭልፊት ብትሆን ሳትሞት ቢያንስ ዛፍ ላይ በወጣች። ጆፌ ግን በጠገበ ጊዜ ከአንድ ኪሎ በላይ ሥጋ በጉረሮው ይሸከማል፤ ደረቱ ለመያዝ እንጂ ለማንሣት አልተሠራም። አራት ጊዜ ዘለለ። አምስተኛውን አልዘለለም።

ከእኔ ጋር የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ የሆነ አብሮ አደጌ ነበር። ጓንት አስጠለቀኝ፤ ሆዱንና ጉረሮውን እንዳልነካ አስጠነቀቀኝና የአንዱን ደረት ከፈትን። ፈረሰኛው ጠቆር ያለ ቀይ፥ የሁለት ሰው እጅ የሚሞላ ነበር። ከሥሩ ያለችው ትንሿ ጡንቻ ግን ከዚያ ሁሉ አካል ጋር ስትታይ ሰው ይስቅባታል። ጅማቷን ሳብሁት፤ ያ ሁሉ ክንፍ ቀስ ብሎ ተነሣ። በማድ ቤት ያየሁት ያው ነገር ነበር፤ ግን በዚህኛው ማንም አላማተበም፥ እኔም አልሳቅሁም።

አጎቴ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው (ሌላ አውሬ እንዳይበላቸው ሁሉንም ቀበርናቸው) «እነዚህ የእኛ አገር አሞሮች ናቸው፤ ዐሥራ አንዱ አለቁ ማለት ነው?» አሉኝ።

«የእኛ ብቻ አይደሉም ጋሼ» አልኋቸው። «አንቱ ጌታ ነው ያሉት አሞራ ሳያማታ ስለሚሄድ ርቀት አያስከፍለውም። በቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይበላል። ከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር ቢለካ ጎንደርም፥ ባሕር ዳርም፥ ደብረ ታቦርም፥ ጉናም ውስጥ ይገባሉ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይከተለዋል፤ ያንን ደግሞ ሌላው። ከየትኛው ገደል እንደ መጡ አናውቅም። ጎጆው ውስጥ ጫጩት ያለውም ይኖራል።»

አጎቴ ብዙ ዝም አሉ። «ስለዚህ የአንድ ቀን መርዝ ስንት አገር ባዶ ያደርጋል?» አሉ ኋላ። የእኚህ ፊደል ያልቈጠሩ ሰው ጥያቄ እኔ በመጻሕፍት ያነበብሁትን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰው። የሩፔል ጆፌ በ2015 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሊጠፉ ከተቃረቡት የመጨረሻው ምድብ ውስጥ ገብቷል፤ በአፍሪካ ለእነዚህ ወፎች ማለቅ ከተቆጠሩት ምክንያቶች ዋናው መርዝ ነው። በርካሽ መብረሩ የጠቀመውን ያህል ይጎዳዋል፤ ክንፉን እያማታ ቢሄድ ኖሮ ጥንብ ለመፈለግ ከወረዳው ባልወጣ፥ ለሌላ ወረዳ መርዝም ባልደረሰ ነበር።

የጥጃው ባለቤት በማግስቱ ወደ ቤታችን መጣ። ከአጎቴ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጠላ ጠጡ። አጎቴ ስለ ጡንቻም ስለ ጅማትም አልነገሩትም። «ለጅቡ ጥጆችህን ሌሊት በእሾህ በረት አግባ፤ አጥሩን ለማጠር ልጆቹን እልክልሃለሁ» ብቻ አሉት። ላኩም፤ ከተላኩት አንዱ እኔ ነበርሁ፥ የእሾሁ ጠባሳ እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ።

በዘንድሮው ዕረፍት በዚያው ጉብታ ላይ ተቀመጥሁ። ጧት አንድ ሰዓት ላይ ጭልፊቶቹ ሥጋ ቤቱ ጓሮ ነበሩ። አራት ሰዓት ሲሆን ከገደሉ ላይ ጆፌዎች ተነሡ፤ ቆጠርኋቸው፥ ስድስት ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚያው ሰዓት ሃያ ሦስት ቆጥሬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። ስድስቱ እየዞሩ ከፍ አሉ፥ አንድ ጊዜም ሳያማቱ ወደ ጉና አቅጣጫ ሄዱ።